ከካርቶን የወጣ ጫጩት ለምን አይበላም?

በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ ትምህርት ተዘግቶ ቤት በነበርኩበት ወቅት፣ እናቴ ከመርካቶ ዶሮ ተራ 30 የአንድ ቀን ጫጩት በካርቶን አስይዛ መጣች። ገንዘቡ የእቁብ ገንዘብ ነበር። ቤታችን አዲስ ከተማ ስለሆነ ከዶሮ ተራ በእግር የሚመጣ ነው። ሐሳቧም ግልጽ ነበር፤ እኔ ክረምቱን አሳድግላታለሁ፣ እሷ ደግሞ ለገና አውራ አውራውን ለይታ ትሸጣለች፣ ቄቦቹን ለእንቁላል ታስቀራለች። «አንተ እኮ የዶሮ ተማሪ ነህ» አለችኝ። እኔም የሁለተኛ ዓመት የእንስሳት ሳይንስ ተማሪ ነበርኩና ምንም አላፈርኩም፣ «ለእኔ ተይው» አልኳት።

በአራተኛው ቀን 2 ሞቱ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ካርቶኑን ስከፍት 11 ተዘርግተዋል። በስድስተኛው 6 ተጨመሩ። ከ30 የቀሩት 11 ብቻ ናቸው ማለት ነው። ጎረቤታችን እትዬ በበሩ በኩል አንዴ አየት አደረጉና «ፈንግል ነው፣ ቤቱን አጥኑት» ብለው ፈረዱ። እናቴ ምንም አላለችም። ያ ዝምታዋ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ብል ማጋነን አይሆንም።

ከሞቱት ሦስቱን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ በበረዶ አድርጌ፣ ክረምቱን ግቢ ለነበሩ አንድ መምህራችን ወሰድኩ። እሳቸውም አልከፈቱልኝም፤ ምላጩን ሰጡኝና «አንተው ክፈት» አሉኝ። ሦስቱም አንድ ዓይነት ነበሩ። አንገታቸው ሥር ያለችው የምግብ ማጠራቀሚያ ከረጢት (በክፍል ውስጥ ክሮፕ የምንላት) ባዶ ናት። መፍጫው ውስጥ ያገኘሁት ትንሽ ሰጋቱራ ነው። ሐሞቱ ግን ተወጥሮ፣ አረንጓዴነቱ ወደ ጉበቱ ጠርዝ ፈስሷል። እምብርታቸው ደርቆ የተዘጋ ነው፣ የሚሸት አስኳልም የለም፤ ስለዚህ የእምብርት ቁስለትም አይደለም። መምህሩ ዝም ብለው ካዩ በኋላ «ይሄ ሐሞት ሥራ ፈትቶ የከረመ ሐሞት ነው። ልጄ፣ እነዚህ በሽታ አልገደላቸውም፤ ረሃብ ነው» አሉኝ።

መኖ ፊታቸው ነበር! ንጹሕ የጫጩት መኖ በሳህን ሞልቼ፣ ውሃም አስቀምጬ ነበር። ታዲያ መኖ እያለ በረሃብ መሞት ምን ማለት ነው? ውድ አንባብያን፣ በዚህ ቡለቲን ስለ ዶሮ በሽታና ስለ ክትባት ብዙ ተጽፏል፤ ስለ መጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ግን እኔ እስካየሁት አልተጻፈም። በኮርሱም ያለፍነው በሁለት ገጽ ማስታወሻ ነው። ስለዚህ ያነበብኩትንና በኋላ በእጄ የሞከርኩትን ላካፍላችሁ።

ሆድ ውስጥ ያለው ስንቅ

ጫጩት ከቅርፊቱ ከመውጣቱ አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ የተረፈውን አስኳል በእምብርቱ በኩል ወደ ሆዱ ስቦ ያስገባዋል። 60 ግራም ከሚመዝን እንቁላል የሚወጣ ጫጩት ወደ 40 ግራም ይመዝናል፤ ከዚህም በግምት ከ4 እስከ 8 ግራሙ ይኸው አስኳል ነው። ይህ ስንቅ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ቀን ያቆየዋል። ተፈጥሮ ይህን ያደረገችው በምክንያት ነው፤ እናት ዶሮ የመጀመሪያው ስለተፈለፈለ ብቻ ተነሥታ አትሄድም፣ የመጨረሻው እስኪወጣ ትጠብቃለች፤ ቀድሞ የወጣው ደግሞ እስከዚያ በአስኳሉ ይቆያል። ሰው ይህን አይቶ ጫጩትን ያለ ምግብና ያለ ውሃ በካርቶን መላክን ተማረ።

እዚህ ላይ ነው እኔ የተሳሳትኩት። «ስንቅ ካለው ምን አስቸኮለኝ» ብዬ፣ «ይረፉ» ብዬም፣ የመጀመሪያዋን ሌሊት ካርቶኑን ከድኜ አሳደርኳቸው። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። አስኳሉ በደንብ የሚሠራው አንጀት ሲንቀሳቀስ ነው፤ አንጀትን የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ የተበላ ምግብ ነው። ቶሎ የበላ ጫጩት አስኳሉንም ቶሎ ይጠቀምበታል፣ አንጀቱም በዚያች በመጀመሪያ ሳምንት ከሌላው አካሉ ፈጥኖ ያድጋል። የዘገየው ስንቁን እየቆጠበ ሳይሆን እየደከመ ነው፤ ከደከመ በኋላ ደግሞ ተነሥቶ ለመፈለግ አቅም ያጣል። በአራተኛውና በአምስተኛው ቀን ሞቱ የሚበዛው ለዚህ ነው። ስንቁ ያልቃል፣ ሌላ ደግሞ አልተተካም።

አንድ የሒሳብ ነገር እዚህ ልጨምር። «የአንድ ቀን ጫጩት» የሚለው ስም የዋህ ያደርጋል። እንቁላል በ21 ቀን ይፈለፈላል እንበል እንጂ ከመጀመሪያው ጫጩት እስከ መጨረሻው ከ24 እስከ 36 ሰዓት ሊለያይ ይችላል፤ ሁሉም ከማሽን የሚወጡት ግን በአንድ ላይ ነው። ከዚያ መለየት አለ፣ የማሬክስ ክትባት አለ፣ ካርቶን አለ፣ ከቢሾፍቱ ወይም ከሞጆ መንገድ አለ፣ ከዚያም ነጋዴው ዘንድ ውሎ ማደር አለ። እናቴ እጅ ሲገቡ አንዳንዶቹ ሁለት ቀን ሳይሞላቸው አይቀርም። እኔ ደግሞ አንድ ሌሊት ጨመርኩላቸው። ስለዚህ ጫጩት የሚገዛ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ ሊጠይቅ የሚገባው «መቼ ተፈለፈሉ?» ብሎ ነው። ሻጩ ካላወቀ፣ እግራቸውን ማየት ነው፤ የእግር ቆዳው ሙሉና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ደህና ነው፣ ደርቆ የተሸበሸበና የደም ሥር የወጣበት ከሆነ ውሃ ጠምቶት ቆይቷል።

ብርድ ያለበት አይበላም

ከሁሉም የሚበልጠው ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

ጫጩት እስከ ሁለተኛው ሳምንት አካባቢ ድረስ የገዛ ራሱን ሙቀት በቅጡ መጠበቅ አይችልም። ለመጀመሪያው ሳምንት በራሱ ቁመት ላይ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ ወደ 3 ዲግሪ እየቀነሱ ይሄዳሉ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ በክረምት ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ነው እንግዲህ 19 ጫጩት የበላው።

የበረደው ጫጩት የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከጓደኞቹ ጋር ይከመራል። ተከምሮ ደግሞ መኖ አይለቅምም። መኖው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቢሆን እንኳ ለእሱ ሌላ አገር ነው። ስለዚህ «አልበላ አሉኝ» የሚል ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት መኖውን ሳይሆን ሙቀቱን ነው። ቴርሞሜትር ካለ በጫጩቱ ጀርባ ቁመት ይንጠልጠል፤ ከሌለ ጫጩቶቹ ራሳቸው ይናገራሉ። አምፖሉ ሥር ተጠጋግተው ከተከመሩና በጩኸት ካላረፉ በርዷቸዋል። ከአምፖሉ ሸሽተው፣ ክንፋቸውን ከፍተው፣ አፋቸውን ከፍተው ከተነፈሱ ሞቋቸዋል። ተበትነው አንዱ ተኝቶ፣ አንዱ ሲለቅም፣ አንዱ ሲጠጣ ከታዩ ልክ ነው። ሌላ ቀላል ዘዴ ደግሞ አለ፤ ጫጩቱን አንሥቶ እግሩን ጉንጭ ላይ ማስነካት። እግሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ነገሩ አለቀ፣ በርዶታል።

የእኔ ጥፋት አምፖሉ ነበር። ቤት ያገኘሁትን አንጠለጠልኩ፤ እሱ ግን ኤልኢዲ ነው። ብርሃኑ ጥሩ ነው፣ ሙቀት ግን የለውም። ድሮ እናቶቻችን የሚያውቁት የ100 ዋቱ ክር ያለው አምፖል ጥሩ ማሞቂያ ነበር፤ ኤሌክትሪክ ቆጣቢው ከመጣ ወዲህ ግን ያን ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። እኔ በኋላ ያገኘሁት መርካቶ ውስጥ ከአሮጌ ዕቃ መሐል ነው።

ከሰል በማንደጃ አስገብቶ ማሞቅ የተለመደ ነው፤ መብራት ሲጠፋም ሌላ ምርጫ ላይኖር ይችላል። ግን በተዘጋ ክፍል ከሰል ጫጩትንም ሰውንም ይገድላል፤ ከሰሉ በደጅ ተቀጣጥሎ ጭሱ ካለቀ በኋላ ቢገባ እንኳ የማይታየው ጋዝ አይቀርም፣ መስኮት መከፈት አለበት። ከዚህ ይልቅ ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ መሐላቸው ማስቀመጥ ለአንድ ሁለት ሰዓት ያሻግራል።

ስለ ሙቀት ካነሣን አንድ የአገራችንን ሥራ መጥቀስ ይገባል። በጅማ የእርሻ ኮሌጅ የነበሩት ሰለሞን ደመቀ የሣር ሳጥን የሚባለውን የጫጩት ማሳደጊያ ለገጠር ቤተሰብ ስለ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2003 ጽፈዋል። ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው፤ የእንጨት ሳጥን፣ ዙሪያውንና ላዩን በደረቅ ሣር የታሸገ። መብራት የለም፣ ከሰል የለም፤ የሚያሞቃቸው የራሳቸው ገላ ነው፣ ሣሩ እንዳያመልጥ ይይዘዋል። ቀን ከፊቱ ባለው ቦታ ወጥተው ይለቅማሉ፣ ሲበርዳቸው ይገባሉ። ሥራውን የሚሠራው የጫጩቶቹ ብዛት ስለሆነ ግን ለ10 ጫጩት አይሆንም፤ 10 ጫጩት ሳጥን አያሞቅም።

መጀመሪያ ውሃ

ከካርቶን ሲወጡ የመጀመሪያው ነገር ውሃ ነው። ያውም ከቧንቧ በቀጥታ የተቀዳ ሳይሆን፣ ክፍሉ ውስጥ ቆይቶ ለብ ያለ። በክረምት የቧንቧ ውሃ የጠጣ ጫጩት ሆዱ ውስጥ በረዶ እንደገባ ያህል ነው። መንገድ ላይ ቆይተው ከደከሙ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ማድረግ ይረዳል። ከዚያ በላይ ማራዘም ግን ቂጣቸው ላይ ኩስ ማጣበቅ ነው የሚያመጣው።

ጫጩት ውሃን ውሃ መሆኑን አያውቅም። ይህን እንግሊዛዊው ሎይድ ሞርጋን ከመቶ ዓመት በፊት አስተውሎ ጽፎታል፤ ጫጩቶቹ ውሃው ውስጥ ቆመው እንኳ አይጠጡም ነበር፣ ምንቃራቸው በአጋጣሚ ከነካው በኋላ ግን ወዲያው ቀና ብለው መዋጥ ጀመሩ። ስለዚህ እያንዳንዱን በእጅ ይዞ የምንቃሩን ጫፍ ብቻ (አፍንጫውን ሳይሆን) ውሃው ውስጥ አንዴ ነከር ማድረግ ነው። ለ30 ጫጩት ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ሁሉንም ባታደርሱ እንኳ የተወሰኑት ካወቁ ሌሎቹ እያዩ ይከተላሉ። መጠጫው ውስጥ የልጆች ብይ መጨመርም ጥሩ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ነገር ያዩና ይነቁሩታል፣ ሲነቁሩ ውሃውን ይነካሉ፤ ደግሞም ገብተው አይሰምጡም። የታናሽ ወንድሜን ብይ ወስጄ እስካሁን ያኮርፈኛል።

መልቀምን ማን አስተማረው?

እዚህ ጋ የሥነ ሕይወት ሰዎችን የሚያስደስት ነገር አለ። ዳግላስ ስፖልዲንግ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1873 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ጫጩቶች ገና ሲፈለፈሉ ዓይናቸውን በቆብ ሸፍኖ አቆይቶ ሲገልጥላቸው ማንም ሳያስተምራቸው ትንንሽ ነገር አነጣጥረው ሲነቁሩ እንዳየ ጽፏል። ኤክሃርድ ሄስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1956 ለጫጩቶች ዕይታን ወደ ጎን የሚያዛንፍ መነጽር አጥልቆላቸው ነበር። ምስኪኖቹ ቀን ሲጨምሩ ንቁሪያቸው ይሰበሰባል፣ ግን ከጥሬው ጎን ነው የሚሰበሰበው፤ ስህተታቸውን ማረም አልቻሉም። አነጣጥሮ መንቆር አብሮት የተወለደ ነው ማለት ነው።

ታዲያ አብሮት ከተወለደ ለምን ይራባል? ምክንያቱም አብሮት የተወለደው *መንቆር* ነው እንጂ *ምን መንቆር* እንዳለበት ማወቅ አይደለም። ጫጩት ትንሽ፣ ክብ፣ ከመሬቱ ቀለም የተለየ ነገር ሁሉ ይነቁራል፤ የጓደኛውን ዓይን፣ የገዛ ጣቱን፣ ሰጋቱራውን። የእኔዎቹ መፍጫ ውስጥ ያገኘሁት ሰጋቱራ ምስክር ነው። የትኛው ምግብ እንደሆነ የምትነግረው እናቱ ናት። አያቴ ቤት የታቀፈች ዶሮ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ጥሬ ስታገኝ ዝቅ ባለ ድምፅ ቶሎ ቶሎ ትጠራለች፣ በምንቃሯ ታነሣለች፣ ትጥላለች፣ መሬቱን መታ መታ ታደርጋለች፣ እነሱም ተሽቀዳድመው ይመጣሉ። በአገራችን አብዛኛው ዶሮ እስከ ዛሬ በዚህ መንገድ በየጓሮው ስለሚያድግ ጫጩት ማስጀመር የሚባል ሙያ ሰዉ ዘንድ አልነበረም፤ ዶሮዋ በነጻ ትሠራው ነበር። እንደ ኢትዮ ቺክን ያሉ ድርጅቶችም የአንድ ቀን ጫጩት በብዛት የሚሰጡት ለአሳዳጊ ወኪሎች ሲሆን፣ ገበሬው የሚገዛው ወር ከግማሽ ያህል ካደገ በኋላ ነው። ያቺን አደገኛ ጊዜ ሌላ ሰው ያሳልፋታል። ከካርቶን በቀጥታ የሚገዛ እንደ እናቴ ያለ ሰው ግን እናት ዶሮ መሆን አለበት።

መሆንም ይቻላል። መኖውን በሳህን ሳይሆን መሬት ላይ በተነጠፈ ወረቀት መበተን፣ ከወለሉ ግማሽ ያህሉን የሚሸፍን፤ የትም ቢነቁሩ መኖ እንዲያገኙ። ጋዜጣ ግን ያንሸራትታል፣ እግራቸው ተከፍቶ ይቀራል፤ ሻከር ያለ ወረቀት ወይም ከሁሉም የሚሻለው የእንቁላል ትሪ ነው። በየሱቁ የሚጣለው የካርቶን ትሪ ሻካራ ነው፣ ዝቅ ያለ ነው፣ ጉድጓዱም መኖ ይይዛል። ከዚያ በጣት ጥፍር ወረቀቱን ቶሎ ቶሎ መታ መታ ማድረግ። መጀመሪያ ስሠራው እናቴ ሳቀችብኝ፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ግን ስድስት ሰባት ጫጩት ጣቴ ዙሪያ ይለቅም ጀመር። አንዱ ከለቀመ ሌላው ያየዋል። ለዚህ ነው ጫጩትን ብቻውን ማስጀመር ከባድ የሆነው።

መኖው ደግሞ ዱቄት ባይሆን ይመረጣል፤ ዱቄት ከረጠበ ምንቃራቸው ላይ ይጣበቃል። እንደ ከካ ያለ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር የሚሆን ነው ጥሩው። ጤፍ የሚሰጡ ብዙ ናቸው፣ ጥፋት የለውም፤ እንዲያውም ትንንሽና ብትን ስለሆነ ዓይናቸውን ይስባል፣ ለማስጀመሪያ መኖው ላይ ነስነስ ቢደረግ ደግ ነው። ፕሮቲኑ ግን ከመቶ 10 አካባቢ ስለሆነ የጫጩት መኖ ከሚፈልገው ከመቶ 20 ግማሽ ነው፤ በጤፍ ብቻ ማሳደግ አይሆንም። ብርሃንም ያስፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት 23 ሰዓት ደመቅ ያለ መብራት ይመከራል። አንዷ ሰዓት የምትጠፋው ጨለማን እንዲለምዱ ነው፤ በእኛ ሰፈር ይህችን ሰዓት መብራት ኃይል ራሱ ይሰጠናል።

ስለ እባብ አንድ ነገር

ይህን ሳነብ ያልጠበቅኩት ቦታ ደረስኩ። በውጭ አገር እባብ በቤት የሚያሳድጉ ሰዎች ትልቁ ራስ ምታታቸው ገና የተፈለፈለ ዘንዶ አለመብላቱ ነው። እሱም እንደ ጫጩት ሆዱ ውስጥ አስኳል ይዞ ይወጣል፣ የመጀመሪያ ቆዳውን እስኪጥል አንድ ሁለት ሳምንት ምንም አይነካም። ከዚያም እንቢ ካለ የመጀመሪያው ጥያቄ ያው የእኛው ነው፤ ሙቀቱ ልክ ነው ወይ? ቀጥሎ ግን መንገዳችን ይለያል። ለእባብ ጨለማ፣ መደበቂያና ዝምታ ይሰጡታል፣ አይጧን በእንሽላሊት ሽታ ያሻሹለታል፣ ይተውታል። ደሙ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሳምንታት ቢጾም አይሞትም። ጫጩት ግን የሚነድ ምድጃ ነው፤ የሚሰጠን ሰዓት እንጂ ሳምንት አይደለም፤ ብርሃንና ጫጫታ፣ ብዙ ጓደኛም ይፈልጋል። «ይረፉ» ብዬ ከድኜ ያሳደርኳቸው ጊዜ ጫጩቶቼን እንደ እባብ ነበር የያዝኳቸው።

መብላታቸውን በምን እናውቃለን?

ስለነቆሩ በልተዋል ማለት አይደለም። ማረጋገጫው ያቺ ከረጢት ናት። ጫጩቱን በእጅ ይዞ አንገቱ ሥር በሁለት ጣት ቀስ ብሎ መዳሰስ ነው። ለስለስ ያለ ገንፎ የመሰለ ነገር ካለ በልቷል፣ ጠጥቷልም። ጠጣር ከሆነና የመኖው ቅንጣት ከታወቀ ውሃ አላገኘም። እንደ ፊኛ ውሃ ብቻ ከሆነ መኖ አላገኘም። ምንም ከሌለ ምንም አላገኘም። የዝርያ አቅራቢዎች መመሪያ መኖ በተሰጠ በ2 ሰዓት ውስጥ ከ100 ጫጩት 75ቱ፣ በ24 ሰዓት ደግሞ ከ95 በላይ የሚሆኑት ከረጢታቸው ሞልቶ መገኘት አለበት ይላል። ይህ ከየትኛውም መድኃኒት የሚበልጥ ምርመራ ነው፣ ደግሞ በነጻ።

በሚቀጥለው ቀን ባዶ ሆነው የተገኙትን ለብቻ አውጥቶ ከአንድ ሁለት ከሚበሉ ጋር በትንሽ ካርቶን፣ በሞቀ ቦታ ማስቀመጥ። የተቀቀለ እንቁላል አስኳል አድቅቆ በጥቂቱ ጣት ላይ አድርጎ ምንቃራቸው ጎን ማስነካት። ቂጣቸው ላይ ኩስ ደርቆ ከዘጋ በለብ ባለ ውሃ አርሶ ማንሳት እንጂ መጎተት አይገባም። በሲሪንጅ በጉሮሮ መጋት የሚሞክሩ አሉ። እኔ አልመክርም፤ ወደ ሳንባ የገባች አንዲት ጠብታ ትገድላለች።

ሁለተኛው ካርቶን

በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ላይ እናቴን እንደገና ለመንኳት። «አሁንስ?» ብላ ረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ከዚያ 25 ገዛን። ነጋዴውን መቼ እንደተፈለፈሉ ጠየቅሁት፣ «ትናንት ጠዋት» አለኝ፣ እግራቸውም እንደዚያው ይል ነበር። ማሳደጊያው ገና ከመምጣታቸው በፊት ሞቆ ነበር፤ ከምናለሽ ተራ በተገዛ የቆርቆሮ መጠጫ፣ በእንቁላል ትሪ፣ በዚያ ፈልጌ ባገኘሁት አምፖል። ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ ገቡ። ማታ 4 ሰዓት ላይ አንድ በአንድ ዳሰስኳቸው፤ 22ቱ በልተዋል። ሌሊት 9 ሰዓት ተነሥቼ እንደገና አየሁ፣ 24 ሆኑ።

አንዲቷ ቀረች። ጥቁር ነጠብጣብ ያላት፣ ከሁሉም ትንሿ። በሁለተኛውም ቀን ከረጢቷ ባዶ ነበር። ለብቻዋ ከሁለት ጋር አወጣኋት፣ ጠርሙስ አሞቅሁላት፣ አስኳል በጣቴ ሰጠኋት። ምራቋን የምትውጥ ያህል ትንሽ ትውጥና ዓይኗን ትጨፍናለች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እናቴ ከእኔ ቀድማ ተነሥታ ካርቶኑ አጠገብ ተቀምጣ አገኘኋት፤ በጥፍሯ ወረቀቱን መታ መታ ታደርጋለች። ጫጩቷ አጠገቧ ቆማ እየለቀመች ነበር።